ሽሪምፖቹ ያልበሉት መኖ

ይድረስ ለአባቴ ለእንድሪስ ይመር
ሐይቅ፣ ወሎ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ከርመዋል? ወገብዎን ለቀቅ አደረገዎት? ክረምቱ ሳይገባ ጉልበትዎን ይታያሉ ብዬ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሄዱ ወይስ እንደ ልማድዎ ነገ ነገ እያሉ ነው? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ ጠራላት? መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ጀመርኩ ብላ በስልክ ስትነግረኝ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ኢስሐቅስ፣ ፈጡማስ፣ ትንሹ ልጇስ? ሐይቁስ እንዴት ሆነ፣ ውኃው ሸሸ ወይስ ሞላ? እኔም፣ አማችዎ አብዱልናስርም፣ ልጃችን ኡሙሰልማም አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስልዎ በጤና ነው፤ ሌላውን ዝቅ ብዬ አጫውትዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ይዛ የምትመጣው ማስተዋል የምትባል የደሴ ልጅ ናት። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ለእህቷ ሰርግ ስትመጣ እግረ መንገዷን ሐይቅ ድረስ አደርሳለሁ ብላኛለች። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። በስልክ ስናወራ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ የምነግርዎት ነገር ደግሞ መሀል ላይ ተቋርጦ የሚቀር አይደለም። ኢስሐቅ ሲያነብልዎ እናንተ ብቻ ሆናችሁ ይሁን። ለእማዬ እርስዎ በራስዎ አነጋገር ይንገሯት።

ባለፈው በስልክ አንድ ነገር ጠይቀውኝ ነበር። መስጊድ በር ላይ አንድ ሰው፣ "ልጅህ በሰው አገር ቆሻሻ የሚበላ ትል ታረባለች አሉ" ብሎ እንዳሳዘነዎ ነገሩኝና "እውነት ነው ወይ ልጄ? ለመሆኑ ምንድን ነው የሚበላው?" አሉኝ። መስመሩ ጠፋና ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በዚሁ በሚበሉት ነገር ሰበብ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

የምሠራው ከሜልቦርን ዳር ካለችው ከሰፈራችን ከዌሪቢ ወጣ ብሎ፣ የጎመንና የሰላጣ እርሻዎቹን አልፎ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ውስጥ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ስድስት ትልልቅ ገንዳዎች አሉ፤ በውስጣቸው ሽሪምፕ እናረባለን። ሽሪምፕ ትል አይደለም አባዬ። ገላው እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ፣ ከጣት የማይበልጥ፣ ብዙ እግርና ረጅም ጢም ያለው የውኃ ፍጡር ነው። እዚህ አገር በጣም ይወዱታል። እኔ አልቀመስኩትም። ኢማማችን ከባሕር የወጣ ነው፣ ችግር የለውም ብለውናል፤ ግን ጠዋት ጠዋት የማበላውን ነገር መልሼ ለመብላት ሆዴ እሺ አላለኝም።

የሚኖረው ታች ነው። ቀኑን ሙሉ ወለሉ ላይ እየተራመደ በጢሙ ይፈትሻል። የፊተኞቹ እግሮቹ ጫፍ ላይ ትንንሽ መቆንጠጫ አለው፤ በዚያ አንድ በአንድ እያነሳ ወደ አፉ ያስጠጋል፣ ያልጣመውን ይጥላል። ሲበላ ላየው ሰው ምስር የሚለቅም ይመስላል። አይጎርስም፣ አይቸኩልም፤ አንዲቷን ፍሬ ይዞ ሲቆነጣጥር ይቆያል። ከላይ የወደቀውን ሁሉ ይበላል፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ ግድግዳው ላይ የያዘውን አረንጓዴ የሚያሙለጨልጭ ነገር፣ ደቃቅ ትላትል፣ የራሱን አሮጌ ቅርፊት፣ የሞተ ባልንጀራውንም ቢሆን። እርስዎ አምባዛ ዓሣ ጭቃ ይበላል ይሉ አልነበር? አምባዛም ጭቃውን አይበላም፤ ጭቃው ውስጥ ያለውን ነው የሚፈልገው። ይህም እንደዚያው ነው። ኡሙሰልማን አንድ ቀን ወንዙ ዳር ወስጃት፣ ልጆች ሥጋ በክር አስረው ያቢ የሚሉትን እንደ ሸርጣን ያለ ነገር ከጭቃው ሲያወጡ አየን። "ይሄ ቆሻሻ ነው የሚበላው" ብላት በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ፤ "እማዬ፣ እሱ እኮ ነው የሚያጸዳው" ነው ያለችኝ። እንግዲህ መስጊድ በር ላይ ላለው ሰው ይህን ይንገሩልኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ጌታቸው የሚባሉ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት መኪና ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር። ባለቤታቸው አርፈዋል፣ ልጅ የላቸውም፤ ኮሊንግዉድ ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ አሥራ አራተኛው ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየቀኑ በባቡር ይመጣሉ። የጠዋቱ ሺፍት የእኔ፣ የማታው የእሳቸው ነው። አለቃችን ሮስ የሚባል የዚሁ አገር ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ነገር ግን ወሬ አያበዛም። ከሁለታችን አንዱን በሰኔ ፐርማነንት፣ ቋሚ ሠራተኛ ማለት ነው፣ አደርጋለሁ ብሎን ነበር። አብዱልናስር የሚሠራበት መጋዘን ሺፍት ቀንሶበት ስለነበር ያቺን ቦታ ምን ያህል እንደፈለግኋት አላህ ነው የሚያውቀው።

ጋሼ ጌታቸው ሲያስተምሩኝ መጀመሪያ ያሳዩኝ የሽሪምፖቹን አንጀት ነው። ሽሪምፕ ገላው ስለሚያሳይ በጀርባው በኩል የሚያልፈው አንጀቱ ይታያል። የበላ እንደሆነ እንደ ጥቁር ክር ሆኖ ይሰመራል፤ ያልበላ እንደሆነ ክሩ ይጠፋል። "መኖ ከመስጠትሽ በፊት ይህን እዪ" አሉኝ። ቀጥለውም ትሪውን አሳዩኝ። ትሪው በአራት ማዕዘን ሽቦ ላይ መረብ የተወጠረበት ነው። ትንሽ መኖ አድርገንበት ወደ ታች እናወርደውና ከአንድ ሰዓት በኋላ እናነሳዋለን። ባዶውን ከወጣ በልተዋል ማለት ነው፤ መኖው ከነበረበት ካለ መቀነስ ነው። "እነዚህ በቃኝ ብለው አይነግሩሽም። ትሪው ነው የሚነግርሽ" ይሉኛል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በዚህ አገር ሰዎች አቆጣጠር ፋሲካ ሲደርስ ከዓርብ እስከ ሰኞ አገሩ ሁሉ ይዘጋል። ሮስ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄደ፤ መጋዘኑን ለእኔና ለጋሼ ጌታቸው ተወልን። ቅዳሜ ጠዋት ስገባ አራተኛው ገንዳ ውስጥ ያሉት ሽሪምፖች ደስ አላሉኝም። ጥግ ጥጉን ይዘው ተኝተዋል። በመብራት ባያቸው የአንዳቸውም አንጀት አይታይም፤ ባዶ ነው። መኖ የምንመዘግብበትን ወረቀት ባየው ጋሼ ጌታቸው ዓርብ ማታ የሰጡት ግማሽ ጣሳ ብቻ ነው። ሑዳዴ ላይ ነበሩና፣ ጾመው ውለው ደክሟቸው በቅጡ ሳያበሏቸው ሄደዋል አልኩ። ከወረቀቱ ግርጌ በአማርኛ የጻፏት ነገር ነበረች፤ አላነበብኳትም። ሁልጊዜ "በርበሬው ደርሶሻል ወይ" ምናምን እያሉ ይጽፉልኝ ስለነበር በኋላ አነባታለሁ ብዬ አለፍኳት።

አሳዘኑኝ አባዬ። በአንድ ጣሳ ፈንታ ሁለት ጣሳ ሰጠኋቸው። ወደ ቤት ልሄድ ስል ደግሞ መለስ ብዬ ሦስተኛ ጨመርኩ። ኡሙሰልማን ከጎረቤት የምወስድበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር ትሪውን አላወረድኩትም። ወረቀቱ ላይ ግን "አንድ ጣሳ፣ ትሪ ታይቷል" ብዬ ጻፍኩ። እንደታዘዘው የጻፍኩት ክፉ አስቤ አይደለም፤ ሮስ ቁጥር ሲለወጥ ለምን ተለወጠ ስለሚል ነው። ማታ ጋሼ ጌታቸው ገብተው ግማሽ ጣሳ ሰጥተዋል፤ ታች የተኛው የእኔ መኖ ከላይ አይታይም።

ለካስ አልራባቸውም። ሽሪምፕ ሲያድግ ቅርፊቱ አብሮት አያድግም፤ ስለዚህ በየጊዜው እንደጠበበ ልብስ አውልቆ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜም ጨረቃ ስትሞላ አብረው ነው የሚያወልቁት። አዲሱ እስኪጠነክር ሰውነቱ ለስላሳ ስለሆነ ባልንጀሮቹ እንዳይበሉት ይደበቃል፣ እህል አይቀምስም። የሚበላው የለምና መኖው ታች ይቀራል። ታች የቀረ መኖ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ይህን ሁሉ ጋሼ ጌታቸው ነግረውኛል። አንድ ጊዜ ሰምቼው በሌላኛው ጆሮዬ ወጥቶ ነበር።

እሑድ በማለዳ በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ሮጬ አራተኛው ገንዳ ጋ ስደርስ ሽሪምፖቹ ላይ ወጥተዋል። ይህ የታች ፍጡር ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ላይ አይወጣም። ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ጢማቸውን ከውኃው አውጥተዋል። ልጅ ሳለሁ ሐይቁ የታፈነ ጊዜ ቆሮሶ ዓሣው አፉን ከፍቶ ላይ ላዩን ሲንሳፈፍ፣ እርስዎ መረብዎን ሳይጥሉ ቆመው ሲያዩ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ለምን አታጠምዳቸውም ብልዎ "ታንቀው የመጡ ናቸው፣ እጄን ያዘኝ" ነበር ያሉኝ።

ሁለተኛውን የአየር ሞተር አስነሳሁ፣ ውኃውን መለወጥ ጀመርኩ፣ የቻልኩትን በመረብ እያፈስኩ ወደ ሌላ ገንዳ አዛወርኩ። ገንዳው ውስጥ ከነበሩት ከግማሽ በላይ ሞቱ። የተረፉት ደግሞ ታች ወርደው የሞቱትን ይዘው ይቆነጣጥሩ ነበር። ይህን ሳይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ በረጅሙ መጥረጊያ ወለሉን ስጠርግ ያ የሰጠሁት መኖ አብጦ፣ ነጭ ነገር ለብሶ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የጋሼ ጌታቸውን ጽሑፍ ያነበብኩት። "ገንዳ አራት ቅርፊት እያወለቁ ነው። እስከ ሰኞ ግማሽ ብቻ። ሰልሳቢል አደራ።"

ሮስን ደወልኩለት፤ ቀትር ላይ ደረሰ። ጋሼ ጌታቸውንም አስጠራቸው። የመኖውን ከረጢት መዘነው፤ ጎድሏል። ወረቀቱን አየ፤ በእኔ ጽሑፍ አንድ ጣሳ፣ በእሳቸው ጽሑፍ ግማሽ ይላል። ግርጌ ያለችውን አማርኛ በጣቱ አሳየኝና "ይሄ ምንድን ነው የሚለው?" አለኝ።

"መኖ ቀንሻለሁ ነው የሚለው" አልኩት።

የቀረውን ዋጥኩት። ስሜ እዚያ ላይ ተጽፎ እያለ፣ አደራ የተባልኩት እኔ ሆኜ፣ ፊቱ ቆሜ ዋጥኩት። ጋሼ ጌታቸው አጠገቤ ነበሩ፤ ምን እንዳስተረጎምኩ ሰምተዋል። እሳቸው ግን እኔን አልጠረጠሩም። ወረቀቱ ላይ አንድ ጣሳ ብዬ ከጻፍኩ አንድ ጣሳ ነው ብለው አመኑ፤ አንድ ጣሳ ብቻውን ደግሞ ይህን ያህል አይገድልም። ራሳቸውን ነው የጠረጠሩት። ግንባራቸውን ይዘው በአማርኛ፣ "ቅዳሜ ማታ ሰጥቼ ሳለ አልሰጠሁም ብዬ ደግሜ ይሆን? ባለፈው ሳምንትም መነጽሬን ያገኘሁት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ንገሪው ልጄ፣ ሽማግሌው ረስቶ ይሆናል በይው" አሉኝ።

ነገርኩት አባዬ። በገዛ አፌ ለሮስ "ረስተው ይሆናል ይላሉ" አልኩት። ሮስ አልተቆጣም። ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ለጊዜው ቤትዎ ይረፉ፣ በኋላ እንነጋገራለን አላቸው። ጓንታቸውን አውልቀው፣ አጥበው፣ ሰቅለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አምስት ቀን ዝም አልኩ። ሰኞ ሮስ የማታውንም ሺፍት ሰጠኝ፤ በሰኔ ያልኳችሁን አሁን ቢሆንስ አለኝ። እሺ አልኩ። ማክሰኞ እንጀራ አልወርድልኝ አለ። ረቡዕ ሰላት ላይ ቆሜ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ጠፋኝ። በዚያው ቀን እንዴት ሆኑ ብዬ ጋሼ ጌታቸው ጋ ስደውል፣ ለማስታወስ ችሎታ ምርመራ ሐኪም ቤት ቡክ ማድረጋቸውን ነገሩኝ። "አባቴም በስተርጅና እንዲህ ሆኖ ነው የሞተ፤ ስሜን ጠፍቶት ነበር። እኔ ደግሞ ስሜን የሚጠራኝ እንኳን ቤት ውስጥ የለም" አሉ።

ለአብዱልናስር ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የያዘውን ሳህን አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ። ቦታው እንደሚቀር፣ ምናልባትም ጭራሽ እንደምባረር ነገርኩት። "ያ ሌላ ነገር ነው" አለኝ፤ "ለሮስ ከመንገርሽ በፊት ግን ለእሳቸው ንገሪ። ሮስ የሞቱበት ሽሪምፖች ብቻ ናቸው።" ያን ያህል ብቻ ነው የተናገረ።

ሐሙስ ኡሙሰልማን ይዤ በባቡር ኮሊንግዉድ ሄድኩ። ለእሳቸው የሰሞነ ሕማማት ሐሙስ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነው፣ ነጠላቸውን አልጣሉም። በሩን ከፍተው ሲያስገቡን ቤቱ ወረቀት በወረቀት ሆኗል። ምድጃው ላይ "ጋዙን አጥፋ" የሚል ተለጥፏል። በሩ ላይ "ቁልፍ ያዝ"፣ መድኃኒቱ ላይ "ጠዋት ውጠሃል ወይ"፣ ስልኩ አጠገብ የራሳቸው ስምና የቤታቸው ቁጥር። ሁሉም በዚያው በማውቀው ጽሑፋቸው ነው። አንዷን ወረቀት ኡሙሰልማ በጣቷ እየነካች ምን ይላል ስትለኝ ማንበብ አቃተኝ።

ቁጭ ሳልል ነገርኳቸው። ሁለት ጣሳ ጠዋት፣ አንድ ጣሳ ቀትር ላይ፤ ትሪውን እንዳላወረድኩ፣ ወረቀቱ ላይ እንደዋሸሁ፣ አደራ የምትለዋን ቃል ለሮስ እንዳልተረጎምኩ። እንዳቀረቀርኩ ነው የጨረስኩት። ቀና ስል በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ።

ዞር ብለው፣ "ሦስት ጣሳ ነው ያልሽው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

"አውልቀው በተኙበት?"

"አዎ።"

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ አልተቆጡኝምም። ለኡሙሰልማ ብርቱካን ልጠው ሰጧት፣ እኔን ሻይ ላፍላልሽ አሉኝ፣ በር ድረስ ሸኙን። ግን ከተለጠፉት ወረቀቶች አንዱንም አላነሱም። ሊፍቱ ውስጥ እስክገባ ያንን እያሰብኩ ነበር። ከነገርኳቸው በኋላ ለምን አላነሷቸውም?

ዓርብ ጠዋት ለሮስ ነገርኩት። ወረቀቱን አምጥቼ አደራ የምትለዋን ቃል በጣቴ እያሳየሁ ተረጎምኩለት። "ብትነግሪኝ ደስ የሚለኝ እሑድ ዕለት ነበር" አለ። ከዚያ መኖ ከመስጠት አወጣኝ። አሁን የምሠራው ገንዳ ማጠብና ማጣሪያውን ማጽዳት ነው፤ ያውም በሳምንት ሦስት ቀን። ፐርማነንቱ ለጋሼ ጌታቸው ሆነ። ሮስ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ከፋሲካቸው ማግሥት ሥራ ገቡ። ፍርዱ ትክክል ነው አባዬ፣ አላማረርኩም። አብዱልናስርም ሰሞኑን ሺፍት ተመልሶለታልና ለእኛ እንዳያስቡ።

ጋሼ ጌታቸው ሲመለሱ እንደ ወትሮው እንዴት አደርሽ ይሉኛል፣ እመልሳለሁ፤ ሌላ ነገር የለም። በርበሬ ደርሶሻል ወይ የምትለዋ ጽሑፍ ቀረች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነን ቆየን። አንድ ቀን ማጣሪያ ሳጥብ መጥተው አጠገቤ ቆሙና፣ "ያንን ምርመራ አልሰረዝኩትም። ሐሙስ ነው። እንግሊዝኛው እዚያ ሲሆን ይጠፋኛል፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?" አሉኝ።

ሄድኩ። ለካስ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ተቀጥሮላቸው ነበር፤ መስመሩ ደጋግሞ ሲቋረጥ ሐኪሟ እኔን ለመነችኝ። አምስት ቃላት ነገረቻቸው፤ ወንበር፣ ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ዝናብ፣ ፈረስ። በኋላ እጠይቅዎታለሁ አለቻቸው። የሰዓት ሥዕል አሣለቻቸው፣ ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠረቻቸው። ቀጥላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የቻሉትን ያህል እንስሳ ይጥሩ አለች። ከአንበሳ ጀምረው እስከ ጃርት ጠሩ፤ ሽሪምፕ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙና፣ ይህኛው በስንት ቀኑ ቅርፊቱን እንደሚያወልቅ፣ ያን ጊዜ ለምን እንደማይበላ ይነግሯት ጀመር። እኔ እየተከተልኩ አስተረጉማለሁ። ደቂቃው አለቀ፤ ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትሰማለች። በመጨረሻ እነዚያን አምስት ቃላት ስትጠይቃቸው በቅደም ተከተላቸው ጠሯቸው። እኔ በልቤ ስቆጥር ቁልፍ ጠፍቶኝ ነበር።

ማስታወስዎ ከዕድሜዎ በላይ ደህና ነው አለቻቸው። ይህን ሳስተረጉምላቸው ቃሉን በደንብ እንድደግመው ጠየቁኝ፤ ደገምኩት።

ባቡር ጣቢያው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተናገሩኝ። "ያን ቀን ቤቴ ስትመጪ ይቅር አላልኩሽም" አሉ። "ቂም ይዤብሽ አይደለም። አላመንኩሽም ነበር። ይቺ ልጅ አሳዝኛት ነው፤ ጥፋቴን ወስዳልኝ፣ ሥራዋንም ጥላልኝ ልታጽናናኝ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። አንቺ ስትሄጂ ሁለት ወረቀት ጨምሬ ለጠፍኩ። ሮስም ሲደውል ተባብራችሁ መሰለኝ። አሁን ግን ከሐኪሟ ሰማሁ። እውነትሽን ነበር ማለት ነው።"

"እውነቴን ነበር ጋሼ" አልኳቸው።

"እንግዲያው ይቅር ብዬሻለሁ" አሉኝ። "ዛሬ ይቅር የምልሽ ዛሬ ገና ስለበደልሽኝ ነው።" ሳቁ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሰው ያየናል አሉኝና መሐረባቸውን ሰጡኝ። የተለጠፉትን ወረቀቶች ሲገቡ ሊያነሷቸው ነው፤ የጋዙን ብቻ እተወዋለሁ፣ እሱ ለማንም ይጠቅማል ብለዋል።

አባዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልዎ ሰው ሳይነግርዎት ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው። ልጅዎ ሰው በድላ ነበር፤ አሁን ታርቃለች። ረመዳን ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ዱዓ ሲያደርጉ የእኔንም፣ የጋሼ ጌታቸውንም ስም ይጥሩልኝ።

ለእማዬ እጇን ሳሙልኝ፤ ከደብዳቤው ጋር በላክሁት ሰማያዊ ጨርቅ ውስጥ ያለው መነጽር የእሷ ነው፣ ለመርፌ ሥራ ብቻ ታድርገው። ኢስሐቅ ይህን እያነበብክ ያለኸው፣ ድምፅህን ስለቀነስክልኝ አላህ ይስጥህ፤ ፈተናህን እንዳትዘናጋ። ፈጡማን ሳሙልኝ፣ ልጇ ጥርስ ማብቀሉን በፎቶ አይቻለሁ። ጎረቤታችንን እትዬ ውባንቺን እንኳን ፋሲካው በሰላም አለፈልዎ በሉልኝ። አብዱልናስር ጉልበትዎን ይስማል። ኡሙሰልማ የሳለችው ሥዕል ከዚህ ጋር አለ፤ ጀልባው ላይ ያለው ረጅሙ ሰው እርስዎ ነዎት።

ጋሼ ጌታቸውም ሰላምታ ልከውልዎታል። አባትሽ ዕድሜውን ሐይቅ ላይ ከኖረ ይህን ያውቃል፣ ጠይቂልኝ ብለውኛል፤ አምባዛም እንደዚህ ምግብ የሚተውበት ወቅት አለው ወይ ነው የሚሉት። መልሱን ኢስሐቅ ይጻፍላቸውና በስማቸው ይሁን፤ ቤታቸው ደብዳቤ ከመጣላቸው ብዙ ዘመን ሆኗል።

ልጅዎ
ሰልሳቢል እንድሪስ

ዌሪቢ፣ ሜልቦርን
ሚያዝያ 26 ቀን 2010 ዓ.ም.